ስድስት ኤክስ በጠመኔ

መስከረም 22

ለተከበርሽው እህቴ፣

በመጀመሪያ ተቀመጪ። መቀስ ይዘሽ ከሆነም አስቀምጪ። የምነግርሽ ነገር ከባድ ነው፤ ባልሽንም ይመለከታል።

ለአሥራ አንድ ዓመት በመካከላችን የኖረው፣ ወዳጅም ጠላትም የመሰከረለት፣ በጋራዡ ውስጥ ለሰነፎች መገሠጫ ሆኖ ሲጠቀስ የነበረው የባልሽ ሰዓት አክባሪነት፣ በዛሬው ዕለት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ በደረሰበት ድንገተኛ አደጋ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ቀብሩም ወዲያውኑ ጎማ መንፊያው አጠገብ ተፈጽሟል። ባልሽ ራሱ ደህና ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብ ዘግይቶ ተነሳ እንጂ ምንም አልሆነም።

አሁን ሳቂ። ካልሆነም ስደቢኝ፤ ስድቡም ይደርሰኛል። ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው እሱ ራሱ ስለሆነ ስለ እሱ የምጽፈው በጎ በጎውን ብቻ ነው። ሙሽራው፣ ይቺን እያነበብክ ከሆነ አጥፈህ መልሳት። የሰው ሚስት ደብዳቤ መክፈት ነውር ነው፤ ያንተው ሚስት ብትሆንም።

እንዴት ሞተ ያልሽ እንደሆነ እኔ ነኝ የገደልኩት፤ በጠመኔ።

የእኛን አሠራር ባልሽ ሺህ ጊዜ ነግሮሻል፤ አንቺ ግን የስፌት መኪናሽ ሲጮህ ሌላ ነገር ስለማይሰማሽ ልድገመው። አውቶቡሱ ከታችኛው ከተማ ሞልቶ ይመጣና እኛ ጋ፣ ድልድዩ አፍ ላይ ይቆማል። የታቹ ሾፌር ይወርዳል። የላዩ ሾፌር፣ ማለትም የአንቺው ባለ ከረባት፣ ከማዶ ድልድዩን በእግሩ ተሻግሮ ይመጣል፤ የርክክብ ወረቀት ይፈርማል፤ ያንኑ አውቶቡስ ይዞ ዳገቱን ይወጣል። ሜዳውን የሜዳ ሰው፣ ዳገቱን የዳገት ሰው ይንዳው ተብሎ ከእኛ በፊት የተሠራ ሥርዓት ነው። በመካከል ደግሞ እኔ አለሁ፤ የጎማው ሰው። ጎማውን በመዶሻ መታ መታ አድርጌ ድምፁን እሰማለሁ። ደህና ከሆነ በጠመኔ ክብ፣ ካላማረኝ ኤክስ። ኤክስ ያለበት ጎማ ሳይቀየር ዳገት አይወጣም። ይህን ሕግ የጋራዡ አለቃ እንኳን አይሽረውም።

ሙሽራው ትናንት በሰው ፊት ምን አለኝ መሰለሽ? «አንተ ልጅ፣ ሰዓትህ ከጠፋብህ እኔን አይተህ ሙላ።» እሺ አልኩ። ዛሬ ሻይ እየጠጣ ሳለ የአውቶቡሱን ስድስቱንም ጎማ ኤክስ አደረግኩለትና ጎን ካለው ብልሹ አውቶቡስ ሥር ገብቼ ተኛሁ። ከረባቱን እያስተካከለ አንዴ ዞረው። ደግሞ ዞረው። በሦስተኛው ዙር «ኧረ ይሄ ነገር እንዴት ነው?» ሲል ድምፁ ቀጠነ። አለቃ እኔን ሲፈልግ ዋለ። ጫማው አፍንጫዬ ሥር ቆሞ «ያ ጎረምሳ የት ገባ?» ይላል፤ እኔ እጄን ነክሼ እስቃለሁ። በመጨረሻ ወጥቼ «ተሳስቼ ነው» አልኩና ስድስቱንም በእርጥብ ጨርቅ ጠርጌ በላዩ ክብ አደረግኩ። ሙሽራው ዓይኔን ሲያይ ገባው። ጆሮዬን ቆነጠጠኝና ሄደ።

አንድ ቅር ያለኝ ነገር ብቻ አለ። ተሳፋሪዎቹ ወርደው፣ ኤክሱ ሲጠረግ ከበው ሲያዩ፣ አንድም የሳቀ አልነበረም። አንዱ ከኪሱ ወረቀት አውጥቶ የአውቶቡሱን ቁጥር ጻፈ።

እማ ደህና ናት። ጉልበቷን የሚያማት ሥራ ሲኖር ነው። ልጅሽን፣ ሚጢጢን፣ ጉንጯን ነክሰሽ ሳሚልኝ።

ወንድምሽ

—

ጥቅምት 9

እህት ዓለም፣

ቁጣሽ ደርሶኛል። አራት ገጽ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ጠብታ አርፎበታል። እንባ ከሆነ ይቅርታ፤ ሻይ ከሆነ ደግሞ ሙሽራው በመንገድ ላይ ያነባል ማለት ነው።

አዎ፣ ቀልድ መሆኑን የምናውቀው እኔ፣ አንቺ፣ እማና ሙሽራው ብቻ ነን። ለአለቃ «ተሳሳትኩ» ነው ያልኩት። «ቀለድኩ» ብለው ያባርረኛል፤ መሳሳት ግን የሰው ነው። ጎማዎቹ በእርግጥ ያረጁ ነበሩ ወይ ላልሽው፣ ጎማ ያረጃል እህቴ። እኔም አረጃለሁ። ወደ ሌላ ወሬ እንለፍ።

እናንተ ጋ የሚወራው እዚህም ደርሶናል። «ታቾች በሞተ ጎማ ሊፈጁን ኤክሱን እየጠረጉ ይልኩናል።» ስድስቱ ጎማ በሁለት ሳምንት ስድሳ ሆኗል። ገደል የገባ አውቶቡስም አለ ይባላል። የትኛው እንደሆነ ብጠይቅ የሚነግረኝ አጣሁ፤ ግን ሁሉም የሞቱትን ሰዎች ቁጥር ያውቃል። እኛ ጋ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ነው የሚወራው። «ላዮች ጎማችንን በዳገታቸው እየፈጩ ይሰድቡናል፤ እስቲ ያለ እኛ ይንዱ።» ይህን የሚለው ትኬት ቆራጩ ነው። አዎ፣ ያ አንዱን ወንበር ለሁለት ሰው የሚሸጠው። ዱሮ ሲናገር ሰው ይተኛ ነበር። አሁን ምሳ ቤት ውስጥ ወንበር ላይ ይወጣና ይናገራል፤ ማንኪያ የሚያንቀሳቅስ የለም።

ትናንት «ከወንዙ ማዶ የሆነ እጁን ያውጣ» አለ። ሁለት መካኒኮች ቀስ ብለው አወጡ። ሃያ ዓመት አብረውን የሠሩ ሰዎች ናቸው፤ ማዶ መሆናቸውን እኔ ትናንት ነው ያወቅኩት። እኔም አወጣሁ። «አንተ ደግሞ ምን ሆነህ ነው?» አለኝ። «እህቴን ሰጥቻለሁ» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ስሜን ጻፈ።

ከዚያ የምሳ ቤቱን ረጅም ጠረጴዛ በመጋዝ ለሁለት ቆረጡት። እውነቴን ነው። የላይ ሰው በዚያ፣ የታች ሰው በዚህ። ሲቆርጡት ጠረጴዛ እግር እንደሚያስፈልገው ያሰበ አልነበረም፤ አሁን ሁለቱም ግማሾች በቆረጣው በኩል በድንጋይ ተደግፈው ነው የቆሙት። ሾርባ የሚበላ ሰው በአንድ እጁ ሳህኑን ይዞ ነው፤ ከላይም ከታችም።

ሙሽራው በየትኛው እንደሚቀመጥ ቸግሮት ቆሞ በላ። ከስቷል። እናንተ ጋ ምን እንደሚሉት ብጠይቀው ሰዓቱን አየ። አንቺም አልጻፍሽልኝም። አንቺ የኔን ካልመለስሽ እኔም ያንቺን አልመልስም፤ ይኸው ተፈራረምን።

ወንድምሽ

—

ጥቅምት 17

ለዚያ ለማይረባው ወንድሜ፣

ከጠየቅከኝ ልንገርህ። ባሌን «የታቾች አማች» ይሉታል። ኤክሱ ሲጠረግ ቆሞ አይቶ፣ በዚያው ጎማ ስድሳ ሰው ጭኖ ወጣ፤ ስለዚህ አብሮ የመከረ ነው ይላሉ። ቀልድ ነበር ብለህ ለምን አትናገርም ስለው «ልጁን ከሥራ ያስወጡታል» ይለኛል። አየህ? አንተ ትስቃለህ፤ እሱ ይሸፍንልሃል።

እዚህ ከተቋቋመው ኮሚቴ ሁለት ሰዎች ቤቴ መጡ። ጨዋ ናቸው፤ ጫማቸውን ጠርገው ነው የገቡት። አንድ ጥቅል ካኪ ጨርቅ አወረዱ። ሦስት መቶ ሸሚዝ። ለማን ነው ብላቸው «ለፈቃደኞች» አሉኝ። የልኩን ዝርዝር ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መቶ ያህሉ አንተ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላህ የሰፋሁልህ ሸሚዝ ልክ ነው። አልሰፋም ማለት አልቻልኩም። ሌላዋ ልብስ ሰፊ እምቢ ብትል ደክሟት ነው ይባላል፤ እኔ እምቢ ብል የታች ልጅ ስለሆንኩ ነው። እየሰፋሁ ነው። የደረት ኪሱን ግን ጠለቅ አድርጌዋለሁ፤ ደብዳቤ እንዲይዝላቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ስማኝ። እዚህ የሚባለው ሁሉ ውሸት አይደለም። ሆስፒታሉ እናንተ ጋ ነው። ጋራዡ እናንተ ጋ ነው። ሚጢጢን ልወልድ ምጥ ይዞኝ አምስት ሰዓት ሙሉ በአውቶቡስ እንደወረድኩ አንተው ታውቃለህ፤ በር ላይ ተቀብለኸኛል። ሰው ይህን ሁሉ ዓመት ሆዱ ውስጥ ይዞት ነበር። ይህ ነው ብሎ በጣቱ የሚያሳየው ነገር ግን አልነበረውም። አንተ ሰጠኸው።

ስለዚህ ሂድና ተናገር። ለእናንተም ለእኛም ሰዎች። «ቀልድ ነበር፣ እኔ ነኝ» በል። ከሥራ ቢያስወጡህ እኔ እቀልብሃለሁ። ደግሞ ሌላም ነገር ሁለት ጊዜ ጠይቄህ ሁለቴም ዘለልከኝ። እዚያም ፈቃደኛ እየመዘገቡ ነው አሉ። ፈርመሃል ወይ?

እህትህ

—

ጥቅምት 25

እህት ዓለም፣

ተናገርኩ።

ምሳ ሰዓት ላይ የትኬት ቆራጩ ወንበር ላይ ወጣሁ። ወንበሩ ይነቃነቃል፤ ያ ሁሉ ጀግንነት በሦስት እግር ላይ ቆሞ መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያወቅኩት። «ስድስቱን ኤክስ ያደረግኩት እኔ ነኝ። ጎማ አይቼ አይደለም፤ የእህቴን ባል ላበሽቅ ብዬ ነው» አልኩ። ትኬት ቆራጩ ቀረበና በለሆሳስ «ስንት ሰጡህ?» አለኝ።

«ለምኑ?»

«ጥፋቱን በራስህ ላይ እንድታደርገው።»

«ማንም ምንም አልሰጠኝም፤ ያስቃል ብዬ ነው።»

«ታዲያ ማን ሳቀ?» አለኝ። እውነቱን ነው። ከወንበሩ ወረድኩ።

ከዚያ ድልድዩን ተሻግሬ ወደ እናንተ ሰዓት ተቆጣጣሪ ሄድኩ። ሽማግሌውን ታውቂያቸዋለሽ፤ በጎጇቸው ውስጥ ተቀምጠው የርክክቡን ወረቀት የሚፈርሙት። ሁሉንም ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «አምንሃለሁ ልጄ» አሉኝ። «ግን ይህን ይዤ ወደ ላይ ብወጣ ምን እላቸዋለሁ? ስብሰባው፣ ሰልፉ፣ የተዋጣው፣ የተማለው ሁሉ በአንድ ጎረምሳ ቀልድ ነው ልበላቸው? ሰው ተበድለሃል ሲሉት ይሰማል፤ ተሸውደሃል ሲሉት ግን ይመታል።» ከዚያ ዳቦ ቆርሰው ሰጡኝ። በላሁ።

አሁን ስለ ጎማዎቹ ጠይቀሽኝ ያን የዘለልኩትን ልመልስ። ከስድስቱ ጎማ አራቱ በእውነት ኤክስ ይገባቸው ነበር። ሳሰምር ለቀልድ ነው፤ ስጠርግ ግን እጄ ያውቅ ነበር። አዲስ ጎማ ሲመጣ መጀመሪያ የሜዳው መስመር ላይ ይገባል። ሲያረጅ ወደ ዳገቱ ይዞራል። ማንም በክፋት ተነስቶ አላደረገውም። «ዳገት ጎማ ይበላል፤ እንግዲያውስ አሮጌውን ይብላ» ሲባል ሰምቼ ነው ሥራ የጀመርኩት፤ እኔም እንደዚያው ቀጠልኩ። ይህን ለትኬት ቆራጩ አልነገርኩትም። ለሽማግሌውም አልነገርኳቸውም። የቀለድኩትን ተናገርኩ፤ እውነቱን ዋጥኩ። የእኔ ጀግንነት እስከዚህ ነው።

ፈርመሃል ወይ ላልሽው፣ ፊርማዬን ማን ያነበዋል? ብፈርምም እንዳልፈረምኩ ቁጠሪው።

እማ «ያቺ ልጅ ልጇን ይዛ ትምጣ» ትላለች። ከዚያ «ወይስ እኛ እንሂድ?» ትላለች። ከዚያ ጉልበቷን ትይዛለች።

ወንድምሽ

—

ኅዳር 6

ወንድሜ፣

ይህን የሚያደርስልህ የአምቡላንሱ ሾፌር ነው። ከእንግዲህ ወንዙን የሚሻገር እሱ ብቻ ነው አሉን።

ባሌ ማክሰኞ አውቶቡስ ሊረከብ ወረደ። ዛሬ ቅዳሜ ነው። የእኛዎቹ «ጎማቸው ካልተቀየረ አንመልስም» ብለው ሦስት አውቶቡስ ይዘዋል። የእናንተዎቹ ደግሞ በዚያ ፋንታ አራት ሾፌር ይዘዋል ይባላል።

እሱ አለበት? አለ ወይ? አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ። በሁሉም ቀልድ፤ በዚህ አትቀልድብኝ።

—

ኅዳር 8

እህቴ፣

አለ። ደህና ነው። ይበላል፤ ይጠጣል፤ እጅ ያነሳበት የለም።

አራቱም የጎማ መጋዘኑ ውስጥ ናቸው። አምስት አምስት ጎማ ደርቤ ወንበር ሠርቼላቸዋለሁ፤ እንደ ዳኛ ተሰይመው ይውላሉ። ሙሽራው ከረባቱን ወስደውበታል፤ ሰው በከረባት ራሱን ይጎዳል ተብሎ። በየማለዳው በጨዋ ቃል ይጠይቃል፤ በየማለዳው ይከለክሉታል። ሰዓቱን ግን ትተውለታል። «ይሄኔ ሁለተኛው ዳገት ላይ ነበርኩ» ይላል። ጥቂት ቆይቶ «ይሄኔ ቤቴ ደርሼ ጫማዬን ሳወልቅ ነበር» ይላል። ሚጢጢ የትኛውን ጫማ ደብቃ የትኛውን እንደምታመጣለት ነገረኝ። ቀልድ አጣሁ፤ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው።

ይህን ሁሉ በምን አወቅክ ትያለሽ። በሩ ላይ የምቆመው እኔ ነኝ። አዎ፣ ፈርሜያለሁ። ዝም ያልኩሽ አፍሬ ነው። አሁን ግን ባልፈርም ኖሮ በሩ ላይ የሚቆመው ሌላ ሰው ነበር፤ ሌላውን ሰው ብታዪው ፈረምክልኝ ብለሽ ትመርቂኝ ነበር። ጠመንጃ ሰጥተውኛል። አተኳኮሱን አላሳዩኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ካኪ ሸሚዝም ሰጥተውኛል። ጨርቁ አንቺ የጻፍሽልኝ ዓይነት ይመስለኛል፤ ነጋዴው ለሁለታችንም ሸጧል ማለት ነው። የእኔው ኪስ ግን ጥልቀት የለውም።

ትናንት ድልድዩ ላይ የሆነውን በሬዲዮ ሰምተሻል። እኔ አልጽፈውም። ከእናንተ አንድ፣ ከእኛ ሁለት። የእኛ ሬዲዮ አንዱን አልጠራውም፤ የእናንተው ሁለቱን እንዳልጠራ እገምታለሁ።

ከትናንት ወዲህ ትኬት ቆራጩ አራቱን በስማቸው መጥራት ትቶ «እነዚያ» ይላቸዋል። ከአንዱ ጋር ዘጠኝ ዓመት ዳማ ተጫውቷል። የፊታችን ሰኞ ወደ ታችኛው ከተማ ይወሰዳሉ ብሏል። እዚያ ምን ሊሆኑ ነው ብዬ ጠየቅኩት። «ያንተ ሥራ በር መጠበቅ ነው» አለኝ።

እየጠበቅኩ ነው። ዛሬ ሰኞ ነው። ስድስት ቀን አለኝ።

ወንድምሽ

—

ኅዳር 14፣ እሑድ

እህቴ፣

ይህን ከሙሽራው ካልሲ ውስጥ ታገኚዋለሽ። ዋናው ወረቀት ሽማግሌው ጋ ይቀራል፤ ይህ ግልባጩ ነው።

የርክክብ ወረቀት
ከ፦ ታች ጋራዥ
ወደ፦ ላይ መስመር
የንብረቱ ዓይነት፦ ሾፌር
ብዛት፦ አራት
ጠቅላላ ይዞታ፦ ሁሉም ይንቀሳቀሳሉ። አንዱ ሲነሳ ያስላል፤ ሲሞቅ ይተዋል።
ጉድለት፦ የአንዱ መነጽር ግራው ተሰብሯል። የአንዱ ከረባት የለም።
ጎማ፦ ታይቷል። ክብ።
አስረካቢ፦ የጎማው ሰው
ማህተም፦ አለው

አምስት ሰዓት ከሃምሳ ነው። ሙሽራው «አሥር ደቂቃ ቀረን፤ እንዳታስረፍደኝ» ይለኛል።

—

ኅዳር 29

እህት ዓለም፣

ባለፈው የላክሁልሽ ሁለት መስመር ጽሕፈቱ ለምን እንደተንጋደደ ጠየቅሽ። በግራ እጄ ስለምጽፍ ነው። ቀኝ እጄ ፈቃድ ወጥቷል፤ መቼ እንደሚመለስ አላሳወቀም። ፈቃዱን የሰጠው ትኬት ቆራጩ ነው። ከዚህ በላይ አትጠይቂኝ። እማም አልጠየቀችኝም፤ በጨርቅ ጠቀለለችልኝና ሾርባዬን በማንኪያ አበላችኝ፤ እንደ ሕፃን። «ሃያ ዓመት ወደ ኋላ መለስከኝ» አለች።

ሙሽራው የነገረሽ ትክክል ነው፤ ጠመንጃዬን እንደ ጃንጥላ ይዤ ነበር የሚለው ብቻ ማጋነን ነው። እንደ መጥረጊያ ነው የያዝኩት። ማህተሙን ከየት አገኘህ ላልሽው፣ አለቃ ያን ቀን ቢሮ ገባ፤ ወረቀቱን በእጄ እንደያዝኩ አየ፤ አነበበ። አለቃ ሽንት ቤት ሲሄድ እንኳን ማህተሙን ኪሱ የሚከት ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠውና «እጄን ልታጠብ» ብሎ ወጣ። ግማሽ ሰዓት ታጠበ። ሲመለስ ማንም ማንንም ቀና ብሎ አላየም።

ድልድዩ ላይ የነበረው ዘብ ከታችኛው ከተማ የመጣ አዲስ ልጅ ነው። በስድስት ሰዓት ሾፌሮች ወረቀት ይዘው እንደሚያልፉ ነግረውት ይሆናል፤ ያ ድሮ እንደሆነ ግን ማንም አልነገረውም። ማህተሙን ደጋግሞ አየ፤ ፊታቸውን አንዴም አላየ። አራቱም በተርታ ሄዱ፤ እኔ ከኋላቸው። አልሮጡም። ሙሽራው «መሮጥ ሰዓት ለሌለው ሰው ነው» ብሎ ከለከላቸው። በእኔ ግምት የዚያን ድልድይ ርዝመት የለካው መሐንዲስ ዋሽቷል።

መካከል ላይ ሽማግሌው እስክሪብቶ ይዘው መጡ። በሁለቱም ወገን ጠመንጃ ወደ እኛ ዞሯል፤ እሳቸው ቆመው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። «የሚያስለው የትኛው ነው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። ከዚያ «አንተስ?» አሉኝ። «ወረቀቱ አራት ነው የሚለው» አልኳቸው። ጥቂት አዩኝና ፈረሙ።

ለምን አብረሃቸው አልተሻገርክም ብለሽ ሦስት ጊዜ ጻፍሽ። እማ እዚህ ናት እህቴ። እኔን ቢያጡኝ የሚጠይቁት እሷን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን አንቺም ትሰሚያለሽ፤ የተኩሱ ድምፅ ለእኛም ለእናንተም አንድ ነው። በዚህ ዳር እኛ እንቆፍራለን፤ በዚያ ዳር የአንቺን ሸሚዝ የለበሱት ይቆፍራሉ። እኔ በግራ እጄ ከረጢት አሸዋ እሞላለሁ፤ ሲቆጥሩት እንደ ግማሽ ሰው ነው የሚቆጥሩኝ። ጋራዡ ተዘግቷል። ጎማውን ሁሉ አውጥተው ለመንገድ መዝጊያ አቃጠሉት፤ አዲሱም አሮጌውም እኩል ጨሰ። ትኬት ቆራጩ መኪና ተሰጥቶታል፤ ሾፌር ግን አጥቷል።

ይህን ሁሉ ያመጣው የእኔ ኤክስ ነው ወይ ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ ስለ አለመጠየቅሽ አመሰግናለሁ። እኔ ግን ከረጢት ስሞላ እጠይቀዋለሁ። እኔ ባላሰምር ሌላ ነገር ያገኙ ነበር እላለሁ፤ ሰበብ የሚፈልግ ሰው ባዶ እጁን አይቀርም። ይህ ያጽናናኛል። ከዚያ ደግሞ ያገኙት የእኔን መሆኑ ትዝ ይለኛል።

ሰው ሁሉ እዚያ ስለ አራቱ ሾፌሮች እንደሚያወራ፣ ኮሚቴውም በሬዲዮ ተናገር ብሎ ሙሽራውን እንደያዘው ጻፍሽልኝ። አስቁሚው። ጀብዱ ካደረጉት ከኋላው ሌላ ሸሚዝ ያሰፉሻል። ለሚጢጢም አባትሽ ዘግይቶ መጣ በያት፤ ይበቃታል። ነገሩ እኮ ሲያዩት ተራ ነገር ነው። አራት ሾፌሮች ወንዙን ተሻግረው ቤታቸው ገቡ። ለአሥራ አንድ ዓመት በየቀኑ ሲሆን ማንም ደብዳቤ አልጻፈበትም።

ወንድምሽ